የሙቲዝዋ ድርሻ

ማይ ፋራይ ሁለቱን ሆሾዎች፣ የሚንሿሹትን ቅሎቿን፣ ሲሚንቶው ላይ አስቀምጣ «ይሄማ ግማሽ ዘፈን ነው» ስትል፣ ሴኬሳይ ወጥ ቤቱ መስኮት ስር ቆማ ያጠበችውን ድስት ደግማ ማጠብ ጀመረች። ድስቱ ንጹሕ ነበር። ከግቢው የሚመጣው ድምፅ ግን አንዱም አላመለጣትም። መጀመሪያ የወንድሟ ልጅ የማዝቪታ ጣቶች ከዜማ መሣሪያው ከምቢራው የብረት ምላሶች ላይ ተነሡ፤ ቀጥሎ ልጅቱ ሳቀች። ሰው ሲደነግጥ የሚስቀው ሳቅ ነው። «እንዴት ግማሽ ይሆናል? አያቴ ራሱ የተጫወተው እኮ ነው፤ ካሴቱ አለኝ» አለች እንግሊዝ አገር ሌስተር ባደገው የሾና ቋንቋዋ። ቃሉን ሁሉ በትክክል ትለዋለች፣ አነጋገሯን ግን የእንግሊዝ ዝናብ አለስልሶታል።

«አያትሽ መጫወቱን መች ካድኩ» አለች ማይ ፋራይ። «ይሄ ግን ተቀባዩ ነው። አውራጁ የታለ? ምቢራ እኮ ለሁለት ነው፤ አንዱ ያወርዳል፣ አንዱ ይቀበላል። አንቺ ልጄ፣ ማንም ሳይጠራሽ ነው ቁጭ ብለሽ ‹አቤት፣ አቤት› የምትዪው!»

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ለእንግዳ አይልም። ማይ ፋራይ ግን የቤቱ ሳዊራ ናት። ሳዊራነት ከአባት የሚወረስ ወዳጅነት ነው፤ አባቷ የሴኬሳይን አያት በእጁ ቀብሯል፣ እሷም በተራዋ የሴኬሳይ አባት የሞቱ ጊዜ የሟቹን ኮት ለብሳ፣ አረማመዳቸውን እያስመሰለች፣ ለቀስተኛውን በሳቅ አፍርሳዋለች። ሳዊራ የልቡን ይናገራል፤ የሚቀየመው የለም፤ የተቀየመም ቢኖር ማሳየት አይፈቀድለትም። ሴኬሳይ ይህን ደንብ ስንት ጊዜ ረግማዋለች። ዛሬ አብልጣ ረገመችው፤ ምክንያቱም ማይ ፋራይ ያለችውን እሷ ራሷ ከሰኞ ማታ ጀምሮ ታውቀው ነበር።

ሰኞ ማታ ማዝቪታ ከአውሮፕላን ወርዳ፣ ሻንጣዋን እንኳ ሳትፈታ፣ ምቢራውን ድምፁን የሚያጎላው ትልቅ ቅል ውስጥ አስገብታ ስትጫወትላት ሴኬሳይ እንባዋ ቀድሟት ነበር። ምቢራው የአባቷ ነው። ወንድሟ ጊቭሞር ወደ እንግሊዝ ሲሄድ ከካሴቱ ጋር ይዞት ሄደ፤ እዚያም በሽማግሌ እንክብካቤ ሥራ ሲሮጥ ጣቱ ረሳው። ልጁ ናት ካሴቱን እየመለሰች፣ እያቆመች፣ እየመለሰች ብቻዋን የተማረችው። ታዲያ ሴኬሳይ እንባዋን እየጠረገች ስትሰማ አንድ ነገር ጎደለባት። ይህ ዘፈን በዚህ ቤት ውስጥ ያለ ሁለት ሰው ተሰምቶ አያውቅም፤ አባቷ ይቀበላሉ፣ የሚያወርዱት ታናሽ ወንድማቸው ሙቲዝዋ ናቸው። በልጅነቷ እንቅልፍ የወሰዳት በሁለቱ መካከል ነው። ይህን ለማለት ግን የሙቲዝዋን ስም መጥራት ያስፈልጋል፤ ያ ስም ደግሞ እዚህ ቤት ዘጠኝ ዓመት አልተጠራም። ስለዚህ «ጎበዝ፣ የኔ ልጅ» አለችና ወደ መኝታዋ ሄደች። ማክሰኞም ዝም፣ ረቡዕም ዝም።

ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ዝምታው የሚያልቅበት ቀን መሆኑን ድስቱም ያወቀ ይመስላል። ማዝቪታ ሌስተር ውስጥ የሾና ልጆችን በየቅዳሜው አንድ የኪራይ አዳራሽ ሰብስባ ይህንኑ የአያቷን ዘፈን በምቢራ ታስተምራለች። ሠላሳ ይሆናሉ፤ «እንደምን አደሩ»ን እንኳ በቅጡ የማይሉ፣ ዝንጅብል ብስኩት እየበሉ ያደጉ ልጆች። ዛሬ ከቀኑ በአስር ሰዓት፣ ልጆቹም ወላጆቻቸውም አዳራሹ ውስጥ ተሰብስበው፣ በስልክ ከዚህ ከሃይፊልድ ግቢ ጋር አብረው ይጫወታሉ። ልጅቱ አየር ትኬቷን የቆረጠችው ለዚህ ነው፤ ሰኞ ትመለሳለች። ከጠዋት ጀምሮ እንደ ሙሽራ አንድ ቦታ አልተቀመጠችም፤ ስልኩን የት እንደምታቆመው፣ ፀሐዩ ከየት እንደሚመጣ ስትለካ ቆይታለች። ሆሾ የሚያንሿሿላት ሰው ስትፈልግ ነው ማይ ፋራይ ፍሬ የሞሉ ሁለት ቅሎቿን ይዛ የመጣችው፤ መጥታም አንድ ዙር ሳትጨርስ ይህን ተናገረች።

«ቆይ» አለች ማዝቪታ፤ ድምፅዋ ተለወጠ። «ሠላሳ ልጅ ነው ያስተማርኩት። ሠላሳ ልጅ ‹አቤት› ማለት ብቻ ነው የሚያውቀው ማለት ነው?»

«አዎ። እሱን ግን በደንብ ነው ያስተማርሻቸው» አለች ማይ ፋራይ። ቀጥላም አንገቷን ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት አዙራ ጮኸች፦ «ቫቺሄራ! ድስቱ እስኪበሳ ነው የምታጥቢው? ነይ ውጪና ለልጅሽ አውራጁ የት እንዳለ ንገሪያት!»

ቫቺሄራ የጎሣቸው ሴቶች ሁሉ መጠሪያ ነው። ከቫቺሄራ ጋር እልህ የተጋባ ግንብ በግንባሩ ይግፋ ይባላል። ሴኬሳይ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች ወጣች። ማዝቪታ አየቻት፤ ዓይኗ ውስጥ ቁጣ የለም፣ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይህ ይበልጥ አሳፈራት። «ቴቴ፣ ያውቁ ነበር?» አለቻት። ሴኬሳይ የአባት እህት ናት፤ ቴቴ ደግሞ በዚህ አገር የቤቱ ዳኛ ናት፤ የወንድሟን ልጅ ታርማለች፣ ትመክራለች፣ ትድራለች። ዳኛዋ አንገቷን ደፋች። «አውቅ ነበር» አለች። «የሚያወርዱት የአባቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። ሙቲዝዋ ይባላሉ። ምባሬ ነው ያሉት።»

«በሕይወት አሉ?»

«በሕይወትም አለ፣ ጥርሱም አለ» አለች ማይ ፋራይ። «የጎደለው ጥሪ ብቻ ነው።»

ማዝቪታ ከመቀመጫዋ ተስፈንጥራ ስትነሣ ቅሉ ሊንከባለል ሲል ማይ ፋራይ በእግሯ ያዘችው። ልጅቱ ጫማዋን እየፈለገች፣ ሰዓቷን እያየች፣ «ምባሬ ቅርብ ነው አይደል? በትራንስፖርት ስንት ደቂቃ ነው? ስልክ አላቸው?» እያለች ትዞራለች። ጠቡ ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቀችም፤ ዕድሜ ደጉ። ሴኬሳይ «እናንተ ሂዱ፣ እኔ የምሳውን ገንፎ፣ ሳድዛውን ልሥራ» ብላ ነበር። ማይ ፋራይ ግን «ሰውየውን ያባረረችው ሳድዛ አይደለችም» አለቻት። ልጅቱ ቆመች። እንዲህ ሆነና ሴኬሳይ ራሷ መናገር ግድ ሆነባት፤ እዚያው ሲሚንቶው ላይ፣ ፀሐይ ግንባሯን እየመታት፣ በአጭሩ ተናገረችው። አባቷ የሞቱ ማታ ሙቲዝዋ ምቢራቸውን ኮታቸው ስር ይዘው መጡ፤ እንደ ወጉ ወንድማቸውን ሌሊቱን በዘፈን ሊሸኙ። ግቢው በቤተ ክርስቲያን ማኅበሯ ሴቶች፣ በቀይ ሸሚዝና በነጭ ቆብ ተሞልቷል፤ ፓስተሩም ተቀምጠዋል። ሴኬሳይ ደጅ ድረስ ወጥታ፣ ሁሉ እየሰማ፣ «ባባሙኒኒ፣ ይሄ የክርስቲያን ለቅሶ ነው፤ ያንን ነገር ይዘው አይገቡም» አለቻቸው። ታናሽ አባት ብላ ጠርታ እንደ ባዳ መለሰቻቸው። ኮታቸውን ቆልፈው ሄዱ። ማዝቪታ ይህን ሰምታ ጫማዋን አጠለቀችና «እሺ፤ እንግዲያው እርስዎም መሄድ አለብዎ» አለች። ቴቴዋን ያዘዘች የወንድም ልጅ በሃይፊልድ ታይታ አትታወቅም፤ ሴኬሳይ ግን አልተቆጣችም።

ባዶ እጅ አይኬድም። ሴኬሳይ ከቤቱ ጀርባ ካለው የዶሮ ቤቷ ገብታ አንድ ቀጠን ያለ ዶሮ ይዛ ስትወጣ ማይ ፋራይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጠበቀቻት። «ለዚህ በደል ይቺን ጫጩት? ተመለሺ ቫቺሄራ!» ተመለሰችና ለገና ያቆየችውን ትልቁን ቀይ አውራ ዶሮ አመጣች። አውራ ዶሮው ጉዳዩ ከባድ መሆኑን የተረዳ ይመስል በየመንገዱ ይጮህ ጀመር። ሚኒባሱ ላይ ሦስቱ ሴቶች ተጠጋግተው ተቀመጡ፤ ዶሮው በሴኬሳይ ጭን ላይ፣ ምቢራው በቦርሳ ውስጥ በማዝቪታ ደረት ላይ። ለአንድ ሰው ሃምሳ ሳንቲም ነው፤ ሁለት ዶላር ሰጡት፤ ረዳቱ ኪሱን ዳበሰና «መልስ የለኝም እናቶቼ፤ ዶሮው እንደ ተሳፋሪ ይቆጠር» አለ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ማዝቪታም ሳቀች፤ ከዚያ ጣቷ በቦርሳው ላይ ያንኑ ዘፈን ሲመታ ሴኬሳይ አየች። የነሐሴ ንፋስ አቧራውን በመስኮት ያስገባል። ሴኬሳይ በልቧ የምትለውን ታሰናዳለች፤ ‹ባባሙኒኒ፣ ያኔ ልጅ ነበርኩ› ልትል አሰበችና አፈረች፤ ያኔ ሃምሳ ሊሞላት ጥቂት ነው የቀራት። ‹ፓስተሩ ናቸው› ልትል አሰበች፤ ፓስተሩ አንዲት ቃል አልወጣቸውም ነበር። ሚኒባሱ በሮጠ ቁጥር የምትለው ነገር እያነሰ ሄደ።

ምባሬ ገበያ መሃል ለመሃል ሲያልፉ ማይ ፋራይ ዋጋ ሳትጠይቅ ማለፍ የማይሆንላት ሴት ናትና አንድ ባልዲ ቲማቲም ላይ ተገትራ ቀረች። ሻጯ ሦስት ዶላር አለች፣ እሷ ሁለት፣ ማዝቪታ ክንዷን እየጎተተች «ማይ ፋራይ፣ እባክዎ፣ እባክዎ!» ትላለች። ባልዲው በሁለት ተኩል ተገዝቶ ጉዞው ቀጠለ። ሙቲዝዋ የሚኖሩበት ፎቅ ቀለሙ ከተላጠ ቆይቷል፤ በየመስኮቱ ብርድ ልብስና የትምህርት ቤት ሸሚዝ ተሰጥቷል። ሽማግሌው ደረጃው ስር በተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጠው በቆርኪ ዳማ ይጫወታሉ። ዙሪያቸውን ሰው ከቧቸዋል። ሴኬሳይ ከሩቅ ትከሻቸውን አይታ አወቀቻቸው፤ የአባቷ ትከሻ ነው። እግሯ ከዚያ ወዲያ አልሄድ አለ።

ማይ ፋራይ ጎንበስ ብላ መዳፏን እያጋጨች እንደ ወጉ ሰላምታ ሰጠች። ሙቲዝዋ ቀና ሳይሉ በእጃቸው መለሱ፤ ጨዋታው አላለቀም። ቀና ብለው ልጅቱን አዩና «ይቺ የማን ናት?» አሉ። «የጊቭሞር» አለች ማይ ፋራይ። «ከእንግሊዝ?» «ከእንግሊዝ።» ዓይናቸው ሴኬሳይ ላይ ደረሰ፣ አለፋት፣ ዶሮው ላይ ቆመ። «ዶሮውስ የማን ነው?» አሉና መልሱን ሳይጠብቁ ቆርኪያቸውን አንቀሳቀሱ። ከከበቡት አንዱ ፈገግ አለ። ሴኬሳይ ዶሮውን እንደታቀፈች ቆመች። ሰዓቱ ይሮጣል፤ ሌስተር ውስጥ ወላጆች ልጆቻቸውን እያለባበሱ ይሆናል፤ እዚህ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ቆርኪውን አንሥቶ ለረጅም ጊዜ ያስባል።

የቸኮለችው ማዝቪታ ናት። ሌላ ሳጥን ገለበጠችና ተቀመጠች፣ ምቢራውን ከቦርሳው አወጣች፣ ማንንም ሳታስፈቅድ መጫወት ጀመረች። ቅል የለም፣ ሆሾ የለም፤ በዚያ ሁሉ የገበያ ጫጫታ መሃል ድምፁ ትንሽ ነበር። ነገር ግን የሙቲዝዋ እጅ ዳማው ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ቆርኪውን አላስቀመጡትም። ሌላው እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር፤ አውራ ጣታቸው መንቀሳቀስ ጀመረ። አንድ ዙር ሰሙ፤ ሁለተኛው ላይ ድንገት «አትሙዪው!» ብለው ጮኹ፤ ልጅቱ ደንግጣ አቆመች።

«ምኑን?»

«ያንን ክፍት ቦታ! ጣትሽን እያፈጠንሽ ለምን ትሞዪዋለሽ? የኔ ነው!»

«ካሴቱ እዚያ እዚያ ላይ የተበላሸ መስሎኝ ነበር» አለች ማዝቪታ። «የጠፋ ነገር ያለ ስለመሰለኝ ከራሴ ጨመርኩበት። ለልጆቹ ግን ያስተማርኩት ካሴቱ ላይ ያለውን ብቻ ነው።»

ሽማግሌው ቆርኪውን መሬት ጣሉት። «አልተበላሸም» አሉ። «አባትሽ የሄደ ዕለት ነዳጅ ጠፍቶ አገሩ ሁሉ ሰልፍ ላይ ነበር፤ ሚኒባስ የለ፣ ምን የለ። ምቢራዬን ይዤ ከዚህ በእግሬ ሄድኩ። ስደርስ ልጁም ሄዷል፣ ካሴቱም ሄዷል። ወንድሜን ‹ሳትጠብቀኝ ቀዳህ?› አልኩት። ‹ያንተን አልነካሁም፤ ቦታህን ትቼልሃለሁ፤ ስትመጣ ትገባበታለህ› አለኝ። ሳቅኩበት። ካሴቱ እንግሊዝ፣ እኔ ምባሬ፤ በየት በኩል ነው የምገባው ብዬ ሳቅኩበት።» ማዝቪታ አፏን ከፍታ ታያቸዋለች፤ ያንን ክፍት ቦታ ስንት ክረምት በጣቷ ስትሞላ እንደኖረች እያሰበች እንደሆነ ፊቷ ይናገራል።

«በአስር ሰዓት ይግቡበት» አለች በመጨረሻ። «ዛሬ። ሠላሳ ልጆች ክፍት ቦታዎን ይዘው እየጠበቁ ነው።» ነገሩን ስታስረዳቸው ቃሏ እየተደናቀፈ፣ እጇ እየተወራጨ፣ ሾናውም እንግሊዝኛውም እየተደባለቀ ነው። ሙቲዝዋ አዳምጠው ሲጨርሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሴኬሳይን ፊት ለፊት አዩዋት። «እጫወታለሁ» አሉ። «ግን እዚህ አይደለም። ወንድሜ ከሞተበት ግቢ ነው። የሚያስገባኝ ካለ።»

በሰው ፊት የተዋረደ በሰው ፊት ነው የሚታረቀው፤ ይህን የማያውቅ በዚያ ደረጃ ስር አልነበረም። ሴኬሳይ ዶሮውን ለማይ ፋራይ ሰጠች። አቧራው ላይ ተንበረከከች፤ መዳፏን አጋጨች። ያሰናዳችው ንግግር አንዱም አልመጣላትም። «ባባሙኒኒ» አለች፣ «ያንን ያልኩት እኔ ነኝ። ፓስተሩም አይደሉ፣ ማኅበሩም አይደለ። አፍሬብዎ ነው ያልኩት። ዛሬ የማፍረው በራሴ ነው። ቤቱ የወንድምዎ ነው፤ ይግቡልኝ።» ሙቲዝዋ ዳማውን ወደ ጎን ገፉ። በኋላ «ተነሺ፤ ዶሮው ማይ ፋራይን ሊነቁራት ነው» አሉ፤ ደረጃውንም ከዕድሜያቸው በማይጠበቅ ፍጥነት ወጡ። ሴኬሳይ ተከተለቻቸው። ክፍላቸው በመጋረጃ ለሁለት ተከፍሏል፤ ማዶ ሌላ ቤተሰብ ይኖራል፤ ከዚህ አንድ አልጋ፣ አንድ ምድጃ፣ የታጠበ ሳህን አለ። ምቢራው አልጋው ላይ ከትራሱ ጎን በፎጣ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ እዚያ ቦታ ላይ የሚተኛው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ሽማግሌው ጥግ ላይ ቆመው ኮታቸውን ይለብሳሉ፤ ቁልፉ እምቢ ስላላቸው ሴኬሳይ ቆለፈችላቸው።

ሃይፊልድ ሲደርሱ የቀረው ጊዜ ለአንድ ልምምድ ብቻ ነበር። ሁለቱ ምቢራዎች በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ ሰሞን የተሠሩ ናቸውና ድምፃቸው አልተጣላም። ሙቲዝዋ ጀመሩ። ማዝቪታ ገባች፤ ወዲያው ተፈናጠረች። እንደገና ጀመሩ፤ እንደገና ጠፋባት። ብቻዋን ስትማር እግሯን የምትመታው ባልሆነ ቦታ ላይ ነበር፤ አሁን አውራጁ ሲመጣ መሬቱ ከስሯ የተንሸራተተ መሰላት። ዓይኗ እንባ ሞላ። «የተሳሳተ ነው የተማርኩት» አለች። ሙቲዝዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጣትሽ አልተሳሳተም። እግርሽ ነው ዋሾው። እግርሽን ተይው፤ እኔን አትስሚኝ፣ የራስሽን ብቻ ያዢ። እኔ እመጣብሻለሁ።» ጫማዋን አወለቀች፣ እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠችበት። በሦስተኛው ሙከራ አንድ ነገር ተቆለፈ። ሴኬሳይ በመላ ሰውነቷ ሰማችው፤ ከሁለቱ ምቢራዎች መካከል ሁለቱም ያልመቱት ሦስተኛ ዜማ ተነሣ፤ ልጅ ሆና የሚያስተኛት እሱ ነበር። ማዝቪታ «ይሄ ከየት መጣ? ማነው ይሄን የሚጫወተው?» ብላ እየጮኸች፣ እየሳቀች፣ ጣቷን ግን ሳታቆም ዙሪያዋን ታያለች። በአጥሩ ማዶ ሲያልፉ የነበሩ ሁለት የማኅበሯ ሴቶች ቆሙ። ሴኬሳይ አየቻቸው፤ ወደ ቤት ልግባ አላለችም።

አስር ሰዓት ሲሆን ስልኩ ላይ አዳራሹ መጣ፤ ልጆች በረድፍ፣ ወላጆች ከኋላ፣ ጊቭሞር ከፊት ጎንበስ ብሎ «ይሰማል? ይሰማል?» ይላል። አጎቱን አይቶ እንደ ወጉ መዳፉን አጋጨ። ጊዜ የለም፤ ሙቲዝዋ ጀመሩ፣ ልጆቹም ተቀበሉ። ወዲያው ተተራመሰ። የልጆቹ ድምፅ በባሕርና በበረሃ ዞሮ ዘግይቶ ስለሚደርስ ግቢው ውስጥ ሁለቱ ዜማዎች እንደ ሰካራም ይጋጫሉ። ማይ ፋራይ ሆሾዋን አቁማ ተራገመች። ማዝቪታ ገርጥታ «አልሆነም፣ ኔትወርኩ ነው፣ አይሆንም» ስትል ጊቭሞር ከስልኩ ውስጥ «አታቁሙ! እኛ ጋ ልክ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሙቲዝዋ ጆሯቸውን አዘነበሉ። «እነሱ ጋ ልክ ከሆነ የኛ መስማት ምን ያደርጋል? የእነሱን ድምፅ ዝጊው። አውራጅ ጥሎ ነው የሚሄደው፣ ዞሮ አይጠብቅም።»

ሴኬሳይ ናት የዘጋችው፤ ማዝቪታ እጇ አልፈታ ብሏት ነበር። የአዳራሹ ድምፅ ጠፍቶ ምስሉ ብቻ ቀረ፤ የግቢው ድምፅ ግን ወደዚያ ይሄዳል። ሙቲዝዋ ወደ ስልኩም ሳያዩ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አወረዱ። ማዝቪታ ተቀበለች። የማይ ፋራይ ሆሾ ገባ። ስልኩ ላይ ልጆቹ ጣታቸውን ሲያንቀሳቅሱ ይታያሉ፤ ጥቂቶቹ ተደናግረው ሲያቆሙ፣ ጎን ለጎን ሲተያዩ፣ ማዝቪታ ጣቷን ሳታቆም በእንግሊዝኛ «እግራችሁን ተዉት! እግራችሁን ተዉት!» ብላ ጮኸች። አንዲት ጠጉሯን የተሠራች ልጅ ጫማዋን አወለቀች። አጠገቧ ያለው ልጅ አወለቀ። አንድ በአንድ ጎንበስ አሉ፣ አንድ በአንድ ጣቶቹ ተመለሱ። ከዚያ ከኋላ ረድፍ፣ በወፍራም ሹራብ የተጠቀለሉ አንዲት አሮጊት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ፤ ተነሡ። ሌላዋም ተነሣች። ወንዶቹ ወንበሩን መግፋት ጀመሩ። ያለ አንዳች ድምፅ አዳራሹ በሙሉ ይጨፍራል፤ አፋቸው ተከፍቶ እልል ሲሉ ይታያል እንጂ አይሰማም። ሴኬሳይ ሳታውቀው «ገቡ! ባባሙኒኒ፣ ገቡ! ሁሉም ገቡ!» እያለች ትጮህ ነበር፤ ሙቲዝዋም ዓይናቸውን ሳይገልጡ «አውቄያለሁ» አሉ። በአጥሩ ማዶ ከቆሙት ሴቶች አንዷ ቆቧን አውልቃ ወደ ግቢው ገብታለች፤ እንዴት እንደገባች ያየ የለም።

ዘፈኑ በራሱ ጊዜ ተዳከመ፤ ሽማግሌው ደከማቸውና አሳነሱት፣ ማዝቪታም አብራ አሳነሰች። ድምፁን ሲከፍቱት ጩኸቱ ስልኩን ሊሰነጥቀው ደረሰ። ማዝቪታ ስልኩን አንሥታ ከሠላሳ ልጆች ጋር እኩል ትጮሃለች። በዚህ መካከል ሙቲዝዋ ምቢራውን መሬት ላይ አኖሩ፣ ጉልበታቸውን ደግፈው ተነሡ፣ ሴኬሳይ ፊት መጥተው ቆሙና ቀኝ እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ። ለቅሶ ሲደረስ የሚያዘው እንዲህ ነው። «እንግዲህ አባትሽን አጣሽ» አሉ። «እግዚአብሔር ያጥናሽ፣ ልጄ።»

ሴኬሳይ ይህን ቃል በዚያ ሰሞን ከስንቱ ሰው ተቀብላለች፤ ቀይ ለባሾቹ፣ ፓስተሩ፣ ጎረቤቱ፣ የማታውቀውም ሁሉ እጇን ይዟታል። አሁን ግን ሌላ ነገር ገባት። እኚህ ሰው ወንድማቸው ሞቷል፤ በሩ ላይ ስለተመለሱ፣ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ሰው እንኳ እጃቸውን ይዞ ያጥናዎት አላላቸውም። ሌላኛውን እጇን በእጃቸው ላይ ደረበች። «እርስዎም ወንድምዎን አጡ፣ ባባሙኒኒ» አለች። «እግዚአብሔር ያጥናዎት።» ሽማግሌው መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣቸው ግን ለቅሶ ነው፤ እሷም አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች፣ ሁለቱም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱ።

«ምን ሆናችሁ?» አለ ጊቭሞር ከስልኩ ውስጥ፤ ከኋላው ልጆቹ «ድገሙት! ድገሙት!» ይላሉ። «ምንድነው? ምን ተፈጠረ?»

ማይ ፋራይ ስልኩን ከማዝቪታ እጅ ተቀብላ ወደ ፊቷ አስጠጋችው። «ለቅሶ ላይ ነን» አለችው። «ጠብቁ፤ ስንጨርስ እንደግመዋለን።»